የማይሸጠው ድንጋይ፦ የአበርፋን የከሰል ክምር ለምን ወረደ?

ስለ ከርሰ ምድር የከሰል ማዕድን ሲወራ የሰው ሐሳብ ቁልቁል ይወርዳል። ጋዝ፣ ፍንዳታ፣ የጣሪያ መደርመስ። ስጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ግን ከመሬት በታች የነበረ አንድም ሠራተኛ አልነካም። 144 ሰው የሞተው ከመሬት በላይ ነው። ከእነሱ ውስጥ 116ቱ ልጆች ናቸው። የገደላቸው ማዕድኑ ከጉድጓድ አውጥቶ «ይሄ አይሸጥም» ብሎ ተራራ ላይ የከመረው ድንጋይና ዝቃጭ ነው።

ቦታው ደቡብ ዌልስ፣ አበርፋን የምትባል የማዕድን ሠራተኞች መንደር ናት። ቀኑ ዓርብ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ነው። ከዚህ በኋላ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው፤ ሰዓቱን ደግሞ በእኛ።

አዳማ ተቀምጬ ስለ ዌልስ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። አንደኛው ምክንያት ከሰሉ ራሱ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ለዓመታት ከሰል ከደቡብ አፍሪካ በጅቡቲ በኩል ሲያስመጡ ኖረዋል። አሁን ዓይን ሁሉ ወደ አገር ውስጥ ከሰል ዞሯል፤ ወደ ዳውሮ፣ ወደ ያዩ፣ ወደ ደልቢ። የእኛ ከሰል በአብዛኛው አመዱ ብዙ ነው። ስለዚህ ፋብሪካ ከመድረሱ በፊት ይታጠብ ይባላል። ማጠቢያ ካለ ዝቃጭ አለ። ዝቃጭ ካለ ደግሞ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ የማንን ግቢ አንኳኩቶ እንደሚያልፍ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ከካባ የሚወጣ ተረፈ አፈር የቦይ አፍ ላይ ሲደፋም አይተናል። የገልባጭ ሹፌሮችና የዶዘር ኦፕሬተሮች የደህንነት ሥልጠና ላይ የአበርፋንን ጉዳይ የማነሳው ለዚህ ነው። መጀመሪያ «ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ለእኛ ምን ይሠራል?» የሚል ፊት አያለሁ። ስለ ውሃው ሳወራ ፊቱ ይቀየራል።

ሁለቱ መስመሮች

የከርሰ ምድር ማዕድን ከላይ የራሱ ፋብሪካ አለው። ከጉድጓዱ አፍ በላይ የማንሻው ማማ ይቆማል። ትልቅ ሞተር በሽቦ ገመድ ሰውንም ከሰልንም ይስባል። የወጣው ከሰል ይገለበጣል፣ በወንፊት ይለያል፣ ይታጠባል፣ በየመጠኑ ይከማቻል፣ ፉርጎ ላይ ይጫናል። ይህ መስመር ሁልጊዜ ባለቤት አለው። ግማሽ ሰዓት ቢቆም ስልክ ይጮሃል። ሰው ይጠራል። መለዋወጫ ከየትም ተፈልጎ ይመጣል። ምክንያቱም መጨረሻው ላይ ገንዘብ አለ።

ሁለተኛው መስመር ደግሞ ከከሰሉ ጋር የወጣውን ድንጋይ፣ የቦይለሩን አመድና ከማጠቢያው የሚተርፈውን ደቃቅ ዝቃጭ ይሸከማል። መጨረሻው ላይ ምንም የለም። የሚፈለግበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገድ እንዳይዘጋ። ተረፈ ነገሩ ከግቢ እስከወጣ ድረስ ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ አይኖርም። በእኔ እይታ የአበርፋን ጉዳይ ከሥሩ ይኸው ነው፤ ሁለተኛው መስመር ባለቤት አልነበረውም።

ማዕድኑ መርተር ቬል ይባላል። ጉድጓዱ መቆፈር የጀመረው በ1869 ነው። በ1947 የብሪታንያ ከሰል ሲወረስ ወደ ብሔራዊው የከሰል ቦርድ ዞረ። ሸለቆው ጠባብ ነው። ወንዝ አለ፣ ባቡር አለ፣ ቤት አለ፤ ሜዳ የለም። ስለዚህ ተረፈ ድንጋዩ ሽቅብ ወጣ። ጋሪዎች በሐዲድ ተስበው ከመንደሩ በላይ ወዳለው የተራራ ጎን ይወጣሉ። ጫፍ ላይ ክሬን ቆሞ ጋሪውን ያነሳና ይገለብጣል። ድንጋዩ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይንሸራተታል። የሚጠቀጥቀው የለም። በደረጃ የሚያስተካክለው የለም። አንዱ ክምር ሲሞላ ወይም ሲያስቸግር ሌላ ይጀመራል። በ1966 ሰባት ደርሰው ነበር።

ሰባተኛው የተጀመረው በ1958 ነው። ቦታው እንዴት እንደተመረጠ አጣሪ ጉባኤው በኋላ አጣርቷል። የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅና አንድ የመካኒካል መሐንዲስ ተራራው ላይ ወጥተው በዓይናቸው አዩ። አበቃ። የመሬት ቁፋሮ ምርመራ አልተደረገም። ካርታ አልተገለጠም። ቢገለጥ ኖሮ እዚያው ላይ ምንጭና ጅረት ተስሎ ያገኙ ነበር። ሰባተኛው ክምር ምንጭ ላይ ተከመረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። መካኒካል መሐንዲሱ ሰነፍ ነበር የሚል የለም። ክሬኑን፣ ሐዲዱን፣ ገመዱን ያውቃል። ችግሩ ክምሩ በሥርዓቱ እንደ ማሽን መቆጠሩ ነው። ክሬን ስላለበት ክምሩም የመካኒኮች ሥራ ሆነ። የአፈርና የመሠረት ነገር የሚገባው የሲቪል መሐንዲስ የክምሩን ደጅ አልረገጠም። እኛም አገር ይሄ ነገር ያለ ይመስለኛል። «ገልባጩን የሚያስተዳድረው ማነው?» ብትሉ ስም ይጠራላችኋል። «የሚደፋበትንስ?» ስትሉ ዝምታ ይመጣል።

ክምሩ ውስጥ ምን ነበር

ሰባተኛው ክምር ወደ 34 ሜትር ከፍታ ነበረው። የያዘው ወደ 227 ሺህ ሜትር ኪዩብ ነው። በ16 ሜትር ኪዩብ ገልባጭ ብናስበው ከ14 ሺህ ምልልስ በላይ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛ ያህሉ የማጠቢያ ዝቃጭ ነው።

ዝቃጭ ማለት ከሰሉ ታጥቦ ሲያበቃ ውሃው ውስጥ የሚቀረው ዱቄት የመሰለ ነገር ነው። ደረቅ ሲሆን ምንም አይል። ሲጠግብ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ጀበና ውስጥ ያለውን አተላ አስቡት። ጀበናውን ቀስ ብላችሁ ስታዘነብሉት አተላው ተጣብቆ ይቆያል። ትንሽ ሲጨመርበት ግን በዝግታ አይወርድም፤ ሁሉም በአንዴ ይለቃል።

በጠጣር ድንጋይ ክምር ውስጥ ድንጋይ ድንጋይን ይደገፋል። ክብደቱ በመነካካት ይተላለፋል። ውሃ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ግን ድንጋዩንና ዱቄቱን ከውስጥ ሆኖ ይገፋል። መደጋገፉ ይላላል። ክምሩ ከውጭ ሲታይ ያው ነው፤ ከውስጥ ግን መቆሚያ እያጣ ነው። ከዚያ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ትንሽ ጭነት፣ ትንሽ ተጨማሪ ዝናብ። ያኔ ጠጣር የነበረው እንደ ፈሳሽ ይሄዳል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ እንኳ ቶሎ አይቆምም።

አበርፋን ላይ ሁሉም ነገር ተገጣጠመ። ከሥር ምንጭ አለ። ከውስጥ ዝቃጭ አለ። ከላይ ዝናብ አለ፤ በዚያ ኦክቶበር የመጀመሪያ ሦስት ሳምንታት ከ160 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቧል። ጎኑ ያልተጠቀጠቀ ገደል ነው። ግርጌው ላይ ደግሞ ትምህርት ቤት አለ።

የታወቀ ነገር ነበር

«ማን ያውቅ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። መልሱ የሚያናድድ ነው። ብዙ ሰው ያውቅ ነበር።

በ1939 ከዚያው አካባቢ ብዙም ሳይርቅ ሲልፈኒድ የሚባል ቦታ ላይ ትልቅ ክምር ተንሸራትቶ መንገድ ዘግቷል። ያኔ የነበረው ኩባንያ ስለ ክምር መንሸራተት ማስታወሻ አዘጋጀ። ማስታወሻው ውሃ ዋናው ጠላት እንደሆነ ይናገራል። በ1944 እዚያው አበርፋን ላይ አራተኛው ክምር ተንሸራተተ። በ1963 ሰባተኛው ራሱ ተንሸራተተ። በ1965 ታይ ማውር በሚባል ሌላ ማዕድን አንድ ክምር ሲወርድ የ1939ኙ ማስታወሻ ከመሳቢያ ወጥቶ እንደገና ተበተነ። ክምሮች ይፈተሹ ተባለ። ሰባተኛውን የፈተሸው አሁንም መካኒካል መሐንዲስ ነው። ፍተሻውም ለይስሙላ ነበር። ወረቀቱ ተሞላ፤ ክምሩ እንዳለ ቀረ።

የአካባቢው ምክር ቤት መሐንዲስ በ1963 ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስለሚደፋው ዝቃጭ አደጋ በግልጽ ጽፏል። በ1964 አንዲት የምክር ቤት አባል ክምሩ ቢንቀሳቀስ ትምህርት ቤቱን እንደሚያሰጋ በስብሰባ ላይ ተናግረዋል። በ1965 መጀመሪያ ላይ ምክር ቤቱና የከሰል ቦርዱ ተገናኝተው የተደፈኑ ቱቦዎችና ቦዮች እንዲጠረጉ ተስማሙ። እስከ ኦክቶበር 1966 የተጠረገ ነገር አልነበረም።

መንደሩስ ለምን ዝም አለ? ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጎርፍ ጥቁር ሆኖ ቤታቸው ሲገባ ያዩት እነሱ ናቸው። ነገር ግን እንጀራቸው ማዕድኑ ነው። ክምሩ ላይ ብዙ ከተጮኸ ማዕድኑ ይዘጋል የሚል ፍርሃት ነበር። ፋብሪካ አጠገብ የሚኖር ሰው ይሄን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። «አርፈህ እንጀራህን ብላ» የሚለው ምክር እዚህም ይሰጣል።

ዓርብ ጠዋት

የክምሩ ሠራተኞች ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲደርሱ ጫፉ ሦስት ሜትር ያህል ሰምጦ አገኙት። ክሬኑ የሚሄድበት ሐዲድ ከፊሉ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል።

ለእነሱ ጫፍ መስመጡ አዲስ ነገር አልነበረም። የዕለት ሥራቸው አካል ነው። ጫፉ ይሰምጣል፣ ክሬኑ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ሐዲዱ ይስተካከላል፣ መድፋት ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ትልቁ አደጋ ይሄ ይመስለኛል። ማስጠንቀቂያው በየቀኑ ስለሚመጣ ማስጠንቀቂያነቱ ይቀራል። ሦስት ሜትር ግን ለእነሱም ብዙ ነበር። ኃላፊያቸው አንድ ሰው ወደ ታች ላከ። በእግር። የስልክ ገመዱ ከዚያ በፊት ተደጋግሞ ስለተሰረቀ ስልክ አልነበረም።

የተላከው ሰው መልስ ይዞ ተመለሰ። ዛሬ አትድፉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ ይመረጣል። ልብ በሉ፤ አቁሙ ተባለ፤ አቆሙም። በዚያ ጠዋት አንድ ጋሪ እንኳ አልተደፋም።

ተራራው ላይ ፀሐይ ነበር። ሸለቆው ግን በጉም ተሸፍኗል። ላይ ያሉት መንደሩን አያዩም፤ ታች ያሉት ክምሩን አያዩም። ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ክምሩ ለቀቀ። ወደ 110 ሺህ ሜትር ኪዩብ ተነቀለ። ከዚህ ወደ 40 ሺህ የሚሆነው መንደሩ ውስጥ ገባ፤ በዚያው ገልባጭ ስሌት 2,500 ምልልስ። የደረሰበት ከፍታ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሜትር ነው። ታች የነበሩ ሰዎች እንደ አውሮፕላን ያለ ድምፅ ሰሙ እንጂ ምን እየመጣ እንደሆነ አላዩም።

ፓንትግላስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርት ገና መጀመሩ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ለአጭር ዕረፍት ሊዘጋ ነበር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ 109 ልጆችና አምስት መምህራን ሞቱ። ዝቃጩ በመንገዱ ላይ የውሃ ዋና ቱቦዎችን ሰብሮ ነበር፤ ስለዚህ ሰው በእጁ ሲቆፍር ውሃው ከኋላ እየመጣ ይሞላዋል። ማዕድን ውስጥ የነበሩ ሠራተኞች ወጥተው መቆፈር ጀመሩ። የራሳቸውን ልጅ የሚፈልጉም ነበሩ። ከአምስት ሰዓት በኋላ በሕይወት የወጣ የለም።

ማን ተጠየቀ

በዳኛ ኤድመንድ ዴቪስ የሚመራ አጣሪ ጉባኤ ተቋቋመ። 76 ቀን ተቀምጦ 136 ምስክር ሰማ። ሪፖርቱ በኦገስት 1967 ወጣ። ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ጥፋቱ የከሰል ቦርዱ ነው። ከክፋት የመጣ ሳይሆን ካለማወቅ፣ ካለመቻልና እርስ በርስ ካለመነጋገር የመጣ ነው። ቦርዱ ስለ ክምር አንድም ወጥ መመሪያ አልነበረውም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ማዕድኖች ነበሩት፤ የሚቆፍርበት ሕግና ደንብ በጥራዝ ነው። ስለሚከምርበት አንድ ገጽ አልነበረውም።

ሕጉም ያው ነበር። የማዕድን ሕጉ የሚጨነቀው ማዕድን ውስጥ ለሚሠራው ሰው ነው። ክምር ተንሸራትቶ ጎረቤት ቢገድል የሚለው ነገር አልነበረውም።

የቦርዱ ሊቀ መንበር ሎርድ ሮቤንስ ነበሩ። አደጋው የደረሰ ዕለት ወደ አበርፋን አልሄዱም፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሹመት ሥነ ሥርዓት ላይ ነበሩ። የደረሱት በማግሥቱ ነው። ከዚያ በኋላ ከክምሩ ሥር ያለው የውሃ ምንጭ የማይታወቅ እንደነበር ተናገሩ። የመንደሩ ልጆች የሚጫወቱበትን ውሃ! እኔን ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ጉባኤው ሊያበቃ ሲል ራሳቸው ቀርበው ጥፋቱ የቦርዱ መሆኑን አመኑ። ቀድመው ቢያምኑ ኖሮ የሟች ቤተሰቦች ያን ሁሉ ቀን ችሎት ላይ ባልተንገላቱ። መልቀቂያ አስገቡ፤ ተቀባይነት አላገኘም። የተከሰሰም ሆነ ከሥራ የተባረረ የለም።

ስልኩንም ላንሳ። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲሰማ «ስልክ ቢኖር ኖሮ» ይላል። ጉባኤው ይሄን አይቶ ስልክ ቢኖርም ነፍስ እንደማያድን ደምድሟል። እስማማለሁ። ስልኩ የሚመች ሰበብ ነው። ጥፋቱን ከቦታ መራጩ አንስቶ ገመድ ሌባው ላይ ይጥለዋል።

የገንዘቡ ነገር በአጭሩ። ከመላው ዓለም 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ዕርዳታ ተሰበሰበ። የቀሩት ክምሮች ከመንደሩ በላይ እንዳሉ ነበሩና ሕዝቡ ይነሱልን አለ። መንግሥትና ቦርዱ ወጪውን ሙሉ በሙሉ አንሸፍንም ብለው ከዕርዳታው ገንዘብ 150 ሺህ ፓውንድ ወሰዱ። ልጆቹ ለሞቱበት ሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የገዳዩ ወንድሞች ተነሱ። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያለ ወለድ። በ2007 የዌልስ መንግሥት ተጨማሪ ክፍያ ሰጠ።

አዳማ ላይ ሲነገር

በ1969 ብሪታንያ የማዕድን ክምርን የሚመለከት ሕግ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ክምር እንደ ግድብ ወይም እንደ ሕንፃ ሥራ ነው የሚታየው። ፕላን አለው። የሚፈትሸው ብቁ ሰው አለው። አሠራሩም ተቀየረ። መጀመሪያ ውሃው ይያዛል፤ ምንጭ ካለ ከሥር በቱቦ ይወጣል፣ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በቦይ ይዞራል። ለም አፈሩ ይነሳል። ድንጋዩ ከጫፍ ቁልቁል አይደፋም፤ በስስ ንጣፍ እየተነጠፈ በዶዘርና በሮለር ይጠቀጠቃል። ዝቃጩ ውሃው በመጭመቂያ ይወጣለታል እንጂ እንዳለ ክምር ላይ አይደፋም። ክምሩ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ተተክሎ የውሃው ከፍታ ይለካል።

ገረጋንቲ አንጥፎ የጠቀጠቀ ሰው ይሄን ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። ለመንገድ የምናደርገው ነው። ለመንገድ የምናደርገው ግን ሰው ስለሚከፍልበት ነው።

ሁሉም ተስተካክሏል ማለትም አይደለም። በ2020 ከከባድ ዝናብ በኋላ እዚያው ዌልስ ታይለርስታውን ላይ አንድ የቆየ ክምር ተንሸራተተ። ሰው አልሞተም። ከዚያ ሲቆጠር ሥራ ያቆሙ የከሰል ክምሮች ከ2,500 በላይ ሆነው ተገኙ። ማዕድኑ ተዘግቶ ሠራተኛው ጡረታ ወጥቷል፤ ክምሩ አልወጣም።

ለእኛ ሰው ቅርቡ ምሳሌ ቆሼ ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ከሰል አይደለም። ነገር ግን እዚያም ለዓመታት የተደፋ ነገር ነው፣ እዚያም ግርጌው ላይ ቤት ነበር። ሥልጠና ላይ ቆሼን ስጠራ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አበርፋንን ስጠራ ማስታወሻ ይይዛሉ።

አንድ ጊዜ በዕድሜ የገፉ የዶዘር ኦፕሬተር፣ ወጣቶቹ ሁሉ ጋሼ የሚሏቸው፣ እጃቸውን አወጡ።

«አንተ ልጅ፣ መሬት ሲሰነጠቅ አቁሜ አውቃለሁ» አሉኝ። «ያቆምኩ ለት ግን ሰዓቴን የሞላልኝ የለም። ይሄ ገልባጭ የሚነዳውም በምልልስ ነው የሚከፈለው። አቁሙ ማለት ለአንተ ቀላል ነው።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ስንጥቅ አይቶ ያቆመ ሰው ቀኑ ካልተከፈለው ወረቀቱ ላይ የጻፍነው ሁሉ ከንቱ ነው።»

«እሺ፣ ቢከፈለኝስ? እነዚያ አቁመው የለም እንዴ? ምን ጠቀመ?»

ክፍሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። በዚያ ዓርብ ጠዋት ክምሩ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ማድረግ ያለባቸውን አድርገዋል። አይተዋል፣ አሳውቀዋል፣ አቁመዋል። ግን ምንጩ ከተሸፈነ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ዝቃጩ ውስጥ ገብቷል። ክምሩ በራሱ የሚወርድበት ደረጃ ላይ ደርሷል። በዚያች ሰዓት ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ታች ያለውን ሰው ማስወጣት። የክምሩ ሠራተኛ ደግሞ ትምህርት ቤት የመዝጋት ሥልጣን የለውም። ቢኖረውም ማን ይሰማዋል?

ስለዚህ ለጋሼ የሰጠሁት መልስ «ለእርስዎ ሳይሆን ቦታውን ለመረጠው ሰው ነው ማስተማር የነበረብኝ» የሚል ነበር። «እሱማ እዚህ አይመጣም» አሉ። ልክ ናቸው፤ አልመጣም ነበር። አሁን የሥልጠና ጥሪ ሲላክ የሳይት መሐንዲሱና ቦታ የሚመርጠው ኃላፊ ስም እንዲካተት እጠይቃለሁ። አጀንዳው ላይ «ተረፈ አፈር» ብዬ ስጽፍ ተወካይ ይልካሉ። «የኃላፊ ተጠያቂነት» ስል ራሳቸው ይመጣሉ፤ እስከ ሻይ ሰዓትም ይቆያሉ። ውሃውን የማነሳው እንግዲህ ከሻይ በፊት ነው።